የቀጠነው መድኃኒት

ፋናዬ ጭልፋዋን እንደጨበጠች አስፋልቱን ተሻገረች። የእርዳታ ስንዴ ጭኖ ወደ ደሴ የሚከንፍ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እያንባረቀ በአፍንጫዋ ሥር አለፈ፤ ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያወረደባትን ስድብ አልሰማችውም። አቧራው ሲያርፍ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ መንገዱ ላይ ቀርቷል። ዞራ አላየችውም። ዓይኗ ማዶ ካለው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ላይ ነበር። ጤና ረዳቱን ጌታቸውን የዘጉበት እዚያ ነው። ጌታቸው ካልወጣ የጎረቤቷ ልጅ ሰይዳ ትሞታለች፤ ጌታቸው የታሰረበትን ጥፋት ያጠፋችው ደግሞ እሷ፣ ፋናዬ ራሷ ናት። ይህን እስካሁን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

የሸዋ ሮቢት ሰው ፋናዬን የሚያውቃት በሽሮዋ ነው። ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳይመለስ ከቀረ ወዲህ ከመንገዱ ዳር ባለችው አንድ ክፍል ቤት ሹፌሮችንና መንገደኞችን እያበላች ትኖራለች። በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን፣ ከወሎም ከይፋት ቆላም ሰው ርቦት በመንገዱ ዳር ወደ ታች ሲጎርፍ፣ በቤቷ ውስጥ ከሚቀመጠው ደጃፏ ላይ የሚቆመው በለጠ። ፋናዬ ሰው መመለስ አትችልም። ለጥቂት ሰው የሠራችው ሽሮ ላይ ከእንስራው በጣሳ ቀድታ ውሃ ቸለስ ታደርግበትና መልሳ ታንተከትከዋለች። “ቀጠነ እንጂ አላለቀ፤ ግቡ” ትላለች እየሳቀች። ብዙ ሰው በዚያ ቀጭን ሽሮ ነፍሱን አትርፎ መንገዱን ቀጥሏል።

ታኅሣሥ ላይ ልጇ ካሳሁን ታመመ። ያን ሰሞን በቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ ብዙ ቤተሰብ እግር ለእግር ተጠላልፎ ይተኛ ነበር፤ አንዱ ሲያስል የሌላው ፊት ላይ ነው። ኩፍኝ ያደከማቸው ሕፃናት ሳሉን መቋቋም አቃታቸው። ከመጋዘኑ ወደ ሰፈሩ እንዳይገባ ደግሞ ሳሉን የሚያግደው አልነበረም፤ የምድጃ ጭስ፣ የመኪና አቧራና ባዶ ሆድ በየቤቱ ተዘጋጅተው ጠብቀውታል።

ጌታቸው፣ እርዳታው ሲመጣ ለጊዜው በተከፈተች አንዲት የቆርቆሮ ጤና ኬላ ብቻውን የሚሠራ ወጣት ነው። ሰው ሁሉ “ዶክተር” ይለዋል። ፋናዬም በሰው ፊት ዶክተር፣ ሽሮ ሊበላ ቤቷ ሲመጣ ጌቾ ትለዋለች። የካሳሁንን ደረት አዳምጦ “የሳንባ ምች ነው” አላትና የቀረችውን አንዲት የአምፒሲሊን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደላት። ውስጡ ዱቄት ነው። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠርሙሱ ላይ እስከተሰመረው መስመር ድረስ ጨመረና ናጠው፤ ሮዝ ሆነ። “እትዬ ፋናዬ፣ ቢሻለውም እንዳታቋርጪ። ጠርሙሱ እስኪያልቅ ነው” አላት።

ካሳሁን ተሻለው። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ እንጀራ ጠየቀ። ልክ በዚያው ሰሞን ከግድግዳው ማዶ ሰይዳ ማሳል ጀመረች።

ሰይዳ የአሲያ ልጅ ናት። አሲያና ፋናዬን የሚለያያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ፋናዬ አራስ ሆና በትኩሳት ወድቃ ጡቷ ሲደርቅ፣ አሲያ አንዱን ጡት ለሰይዳ አንዱን ለካሳሁን እየሰጠች ሁለቱንም አሳድጋለች። “እንግዲህ የጡት እህትና ወንድም ናቸው፤ መጋባት የለም” እያለች ትቀልድ ነበር፤ ቀልዷ ግን ከልቧ ነው። ልጆቹም ግድግዳውን በጡጫ እየቀጠቀጡ ይጠራራሉ። ሰይዳ ስትታመም አሲያ ጤና ኬላ ሄዳ፣ መድኃኒት አልቋል፣ መኪና ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ጠብቂ ተብላ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ፋናዬ ከዚያ ወዲያ ያደረገችውን ያደረገችው አስባበት ነው። አንዱ ልጅ እየጠጣ ሌላው ዓይኑን ያንከራትታል? ሆዷ አልቻለም። ከካሳሁን ጠርሙስ የተረፈውን በሌላ ባዶ ጠርሙስ እኩል አካፈለች። ሁለቱም ጎዶሎ ሆኑ። ውሃ አፈላች፣ አቀዘቀዘች፣ ሁለቱንም እስከ አንገታቸው ሞላችና ናጠቻቸው። ዶክተሩስ ፊቷ ላይ ውሃ ጨምሮበት የለም? ለአሲያ ግን፣ “ጌቾ ደብቆ የሰጠኝ ሁለተኛ ጠርሙስ ነው፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ” አለቻት። እውነቱን ብትነግራት አሲያ ከካሳሁን አፍ ነጥቄ አላጠጣም ብላ እንደምትመልሰው ታውቃለች። በሕይወቷ ከዋሸቻቸው ውሸቶች ሁሉ የሚያኮራት ይኼኛው ነበር።

ሰይዳ ጠጥታ ትኩሳቷ ጋብ አለ። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው ሳቁ። መኪናውም ከደብረ ብርሃን የፔኒሲሊን መርፌ ይዞ መጣ፤ አሲያ ግን ልጄ መድኃኒት ላይ ናት ብላ አልሄደችም። ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ፤ ሲመለስም እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ትናንት ከሰዓት በኋላ አሲያ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ሮዝነቱ ነጥቷል። ብትቀምሰው ውሃ ውሃ አላት። የፋናዬን እጅ ለመጠርጠር አእምሮዋ አልሄደላትም፤ የጠረጠረችው የዶክተሩን ነው። መድኃኒቱን ለነጋዴ ሸጦ ለድሃ ልጅ ውሃ ሰጠ ብላ፣ ጠርሙሱን ይዛ እያለቀሰች ቀበሌ ገባች። የድሃ አቤቱታ እንደዚያ ቀን ቶሎ ተሰምቶ አያውቅም። ሳይመሽ ጌታቸው ተያዘ፤ የጤና ኬላው በር በሰም ታሸገ።

እንግዲህ ዛሬ ረፋድ ላይ ነው አሲያ ሰይዳን አዝላ የታሸገው በር ላይ የደረሰችው። ጩኸቷ እስከ ፋናዬ ምድጃ ተሰማ። ፋናዬ ወጥታ የልጅቱን ገላ ገልጣ አየች። የጎን አጥንቷ ሥር ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫዋ ይርገበገባል። “ዶክተሩን አሰሩት እኮ፤ እኔው ነኝ ያሳሰርኩት፤ ማን ያክምልኝ?” አለቻት አሲያ። ፋናዬ ያን ጊዜ ነው ጭልፋውን እንኳ ሳታስቀምጥ የሮጠችው።

ከቀበሌው በር በላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ፀሐይ በልቶት ነጣ ብሏል። በሩ ላይ ጋሼ ታደሰ ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የአብዮት ጥበቃ ያደረጓቸው በስተርጅና ነው።

“ወዴት ነሽ? ጭልፋ ይዘሽ?”

“ጋሼ ታደሰ፣ ሊቀ መንበሩን ላግኝ። ያስገቡኝ።”

“ስብሰባ ላይ ናቸው። ከአውራጃ እንግዳ መጥቷል።”

“ልጅ እየሞተችብን ነው።”

“አዬ ፋናዬ፤ የሚሞተው ልጅ ሁሉ እዚህ ከመጣ እኮ…” አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት አፈሩ። ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩ። መንገዱ ላይ፣ ከይፋት ተራሮች ሥር የወረዱ ሰዎች እንደተለመደው በዝምታ ይጓዛሉ። “የማን ልጅ ናት?”

“የአሲያ። ሰይዳ።”

ጋሼ ታደሰ ሰይዳን ያውቋታል። ጥይት የሌለውን ጠበንጃቸውን እንድትነካ ፈቅደውላት ያውቃሉ። “ሊቀ መንበሩ እስኪወጡ ማስገባት አልችልም። ግን ዶክተሩን የዘጉበት፣ ከኋላ የስኳር ግምጃ ቤት የነበረው፣ ጣውላው ተሰንጥቋል። እኔ አላየሁሽም” አሏት።

ፋናዬ ከስንጥቁ ፊት ተንበረከከች። ከውስጥ የስኳርና የሽንት ሽታ ይመጣል።

“ጌቾ።”

“እትዬ ፋናዬ?” የሚንቀሳቀስ ሰው ተሰማ። “ለአሲያ ጠርሙስ አልሰጠሁም እኮ። በልጅሽ በካሳሁን እምላለሁ፣ አልሰጠኋትም። ከየት አመጣችው ብዬ ሳስብ ነጋ።”

“ከኔ ነው።”

ፋናዬ ግንባሯን ጣውላው ላይ አስደገፈች።

“የካሳሁንን አካፍዬ ነው። ቢያንስብኝ ውሃ ጨመርኩበት። አፍልቼ ነው ግን” አለች ቶሎ ብላ፣ ማፍላቷ የሚያድናት ይመስል። “አፍልቼ አቀዝቅዤ። አንተም ጨምረህበት አልነበር?”

“እኔ እስከ መስመሩ ነው የጨመርኩት።” ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ ቢጮህባት በወደደች። “መስመሩ ለጌጥ አይደለም እትዬ። በእያንዳንዱ ማንኪያ ውስጥ በሽታውን የሚገድል ያህል መድኃኒት እንዲኖር ነው። ስታቀጥኚው በሽታው ይደነግጣል እንጂ አይሞትም። ደካማ ደካማው ያልቅና ብርቱው ሳንባዋ ውስጥ ይቀራል። መሃል ላይ ተሽሏት ነበር አይደል?”

“ተሽሏት ነበር። ተጫውታም ነበር።”

“እሱ ነው። ካሳሁንን ያዳነው ሳይቀጥን መጀመሪያ የጠጣው ነው።”

“እኔ የማውቀው ወጥ ነው ጌቾ። ወጥ ሲቀጥን ጣዕሙ ይቀንሳል እንጂ ሰው አይገድልም።”

 “አተነፋፈሷ እንዴት ነው?” አለ ጌታቸው።

“ቶሎ ቶሎ። ጎኗ ይገባል። ከንፈሯ…”

“ከንፈሯ ምን ሆነ?”

“ጠቁሯል።”

ጌታቸው ጣውላውን በቡጢ መታው። “ፔኒሲሊን እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል! መኪናው ከመጣ ቆይቷል እኮ! ለምን ይዛት አልመጣችም?”

ፋናዬ ለምን እንዳልመጣች ታውቃለች። 

“ሂጂ ንገሪያቸው” አላት። “ለኔ ብለሽ አይደለም። እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ፤ ብቻ መርፌውን ልውጋትና መልሰው ይዝጉብኝ።”

ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ፋናዬ በሩን ገፍታ ስትገባ ጋሼ ታደሰ ከኋላዋ “አትግቢ ብያታለሁ” ሲሉ ተሰሙ፤ ሊይዟት ግን አልተነሱም። ሊቀ መንበሩ ጓድ ተፈራ በካኪ ልብሱ ከጺማሞቹ የፈረንጅ አብዮተኞች ሥዕሎች ሥር ተቀምጧል። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የፋናዬን የሙሽርነት ቀሚስ የሰፋው እሱ ነው። ከጎኑ ከአውራጃ የመጣው ጓድ፣ ከፊታቸው ደግሞ ያ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጠርሙሱ የኔ ነው።”

“የምን ጠርሙስ?”

“ያ።” በጭልፋዋ ጠቆመችው። “ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ዶክተሩ የሰጠኝ ደህናውን ነው።”

እንግዳው ሰው ፈገግ አለ። “ይቺ ማናት?”

“ሽሮ ቤት ያላት ናት፣ ጓድ” አለ ተፈራ፤ ላብ ፊቱን አወዛው። “ፋናዬ፣ የእርዳታ መድኃኒት ማበላሸት አሻጥር መሆኑን ታውቂያለሽ? ምን እያልሽ እንደሆነ ገብቶሻል?”

“ገብቶኛል። ይሰሩኝ። እሱ ግን ይውጣ፤ ልጅቱ ትንፋሿ እየተቆረጠ ነው።”

“ወዳጅሽ ነው?” አላት እንግዳው። ሁለት ሦስት ሰዎች ከኋላ ሳቁ። “የተማረ ሰው ማስመስከር አያቅተውም። አስጠንቷታል።”

 የፋናዬን ውሸት ሁሉም አምኖላት ነበር፤ እውነቷን የሚያምንላት ጠፋ።

ልክ ያን ጊዜ አሲያ ሰይዳን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆመች። የልጅቱ ራስ ከእናቷ ትከሻ ላይ ወድቋል። ክፍሉ ዝም ሲል የትንፋሿ ድምፅ፣ እንደ መጋዝ የሚፋጨው፣ ለሁሉም ተሰማ። 

“ልቀቁልኝ ልላችሁ ነው የመጣሁ” አለች አሲያ። “ሌባም ቢሆን ሐኪም ነው። መጀመሪያ ልጄን ያክምልኝ።”

“አሲያ” አላት ተፈራ፣ “ይኼን ጠርሙስ ከማን እጅ ተቀበልሽ?”

“ከፋናዬ። ዶክተሩ ሰጥቷት ነው።” ወደ ፋናዬ ዞረች። “አይደል ፋኑ?”

ፋናዬ ይህን ሰዓት ነበር ከመጀመሪያው የፈራችው። እስር ቤቱን አልነበረም። ወለሉን እያየች ብትናገር ደስ ባላት፤ ግን አሲያ ዓይኗን እያየቻት ነው።

“አልሰጠኝም አስዬ። የካሳሁን ነው። እምቢ እንዳትይኝ ብዬ ዋሸሁሽ። ለሁለቱም እንዲበቃ ብዬ ውሃ ያስገባሁበት እኔ ነኝ።”

አሲያ ዓይኗን ከፋናዬ ላይ አልነቀለችም።  “ያ ረቢ” አለች፣ ለራሷ ያህል ብቻ። ከዚያ የአንቀልባውን ጫፍ ፈታ መልሳ አጠበቀችና ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። “ክሴን አንስቻለሁ። ሐኪሙን አምጡልኝ። ሌላውን ነገር በኋላ ትደርሱበታላችሁ።”

ተፈራ እንግዳውን አየ። እንግዳው የእጅ ሰዓቱን አየ። “ሰውየውን መፍታት ያንተ ጉዳይ ነው” አለው፤ “ማኅተሙን ያተመው ጓድ ግን ዛሬ ካራቆሬ ነው ያለው። እሱ ሳይኖር የታሸገ በር አይከፈትም። ሥነ ሥርዓት ነው።”

ጓድ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር። በዚያ ዘመን የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው ለራሱ ለፈሪው ብቻ ነበር። “እስኪመለስ ደጅ ጠብቁ” አላቸው፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

ጠበቁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ከአንድ ግራር ጥላ ሥር፣ አሲያ ልጇን ቀና አድርጋ ታቅፋ፣ ፋናዬ ራቅ ብላ፣ ካራቆሬ ከወዴት እንደሆነ የማያውቁ ይመስል ሁለቱም መንገዱን ወዲያና ወዲህ ያያሉ። ፋናዬ ውሃ አምጥታ የልጅቱን ከንፈር ልታርስ ተጠጋች። አሲያ ጣሳውን አየችው፤ ከዚያ ፋናዬን አየቻት። ፋናዬ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከካራቆሬ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ሁለቱም ይነሱና መልሰው ይቀመጣሉ።

በመጨረሻ የተነሱት ጋሼ ታደሰ ናቸው። ማንንም አላስፈቀዱም። ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ወደ ኋላ ዞሩና ጌታቸውን ይዘው መጡ። ታስሮበት የነበረው ገመድ ምልክት የእጁ አንጓ ላይ አለ። አራቱ ሰዎች ከነልጅቱ ወደ ጤና ኬላው ሲሄዱ ከአዳራሹ መስኮት ጓድ ተፈራ አያቸው፤ አይቶም ዞር አለ። ጋሼ ታደሰ በምንሽራቸው ሰደፍ ማኅተሙን አንድ ጊዜ መቱት፤ ሰሙ ረገፈ። “ጠያቂ ከመጣ፣ ታደሰ አርጅቷል፣ ትእዛዝ ይረሳል በሉ” አሉ።

ጌታቸው የመርፌ መቀቀያውን ቡታጋዝ ላይ ጣደው። ውሃው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ማለቂያ ያጣ መሰላቸው። “ቀና አድርገሽ ያዣት፣ እንዳትጋደም” ይላል፤ በሩን ይከፍታል፤ ደረቷን ያዳምጣል፤ ፊቱን ግን ማንም እንዳያነበው ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከዚያ ብልቃጡን አንስቶ በዱቄቱ ላይ ውሃ ጨመረ። ፋናዬ በር ላይ ቆማ አየችው። የመርፌውን መስታወት ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስመሩ ላይ እስኪደርስ እየለካ ነው የሚጨምረው። ለካሳሁን ሲበጠብጥም በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። ያኔ ያስተዋለችው ግን ውሃውን ብቻ ነበር።

መርፌው ሲገባ ሰይዳ አላለቀሰችም። ጌታቸው እንድታለቅስለት ፈልጎ ነበር፤ ቂጧን አሸት አሸት አድርጎ ጠበቃት። ልጅቱ ግን ለማልቀስ የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበራትም።

“እንግዲህ ይሠራል?” አለችው አሲያ።

“መድኃኒቱ ደህና ነው” አለ። “ጊዜ ነው የሚፈልገው።”

ያ ጊዜ ግራሩ ሥር ተቀምጠው ያሳለፉት ነበር። ሁለተኛው መርፌ ሳይደርስ፣ ከመስጊዱ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ተሰምቶ እንዳበቃ፣ ያ መጋዝ የመሰለ ድምፅ ቀጠነ፣ ራቀ፣ ቆመ። ጌታቸው አፉን አፏ ላይ አድርጎ ብዙ ደከመ። አሲያ ናት ትከሻውን ይዛ ያስቆመችው። “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለች። ከዚያ ጮኸች። ፋናዬ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር፤ ወደ ውስጥ ለመግባትም ለመሄድም መብት ያላት አልመሰላትም።

ማኅተም ስለሰበረ ሰው ስብሰባ ተጠራ። የጋሼ ታደሰን ምንሽር ቀሟቸው። ጌታቸውን በሌላ መኪና ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት፤ ወዴት እንደሆነ ለሮቢት ሰው አልተነገረም። ፋናዬን አላሰሯትም፤ ጓድ ተፈራ የንቃት ጉድለት ነው ብሎ አስጻፈላትና በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ አቅርቢ ተባለች። ቆማ ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች፤ ሰይዳ መጨረሻ ላይ እንዴት ትተነፍስ እንደነበርም ተናገረች። ስትጨርስ እንደ ደንቡ ተጨበጨበ። ፋናዬ ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እንደዚያ ጭብጨባ ያሳመማት የለም።

ከዚያ በኋላ ሽሮዋ ወፍራም ሆነ። ለተሠራለት ሰው ብቻ ይወጣል፤ ሲያልቅ አልቋል ትላለች። ደጅ የሚቆሙት መንገደኞች ዝናዋን ከሩቅ ሰምተው የመጡ ናቸውና፣ እርስ በርሳቸው ተያይተው ይሄዳሉ። ካሳሁን ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን በጡጫው ይቀጠቅጣል። ጆሮውን ለጥፎ ይጠብቃል። “ሰይዳ አትሰማም?” ሲላት ፋናዬ ምድጃው ላይ ታጎነብሳለች። ከማዶ ድምፅ የለም፤ አሲያ ቤቷ ውስጥ መኖሯ የሚታወቀው በሳሏ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመ። እግሩ በአቧራ ነጭ ሆኗል፤ በብትሩ ተደግፎ የሚያየው ድስቱን እንጂ እሷን አይደለም። ድስቱ ውስጥ የቀረው ለተቀመጡት ለሁለቱ ሹፌሮች የሚበቃ ነው።

“አልቋል አባቴ” አለችው ፋናዬ።

ሽማግሌው አልሄደም። መሄድ የሚችልም አይመስልም ነበር።

ከኋላው ጥላ ወደቀ። አሲያ ናት። ከቀብሩ ወዲህ የፋናዬን ደጅ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ከስታለች። ሽማግሌውን በእጇ ገለል አድርጋ ገባች፤ ሰላምታ አልሰጠችም። እንስራው ወዳለበት ሄዳ በጣሳ ቀዳች። ድስቱ ላይ ቆማ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ውሃውን ቸለስ አደረገችበት።

ፋናዬ ከምድጃው ሥር ቀና ብላ አየቻት። “አስዬ…”

“ይቅር አላልኩሽም” አለች አሲያ። ጣሳውን እንስራው አፍ ላይ መልሳ ደፋችው። “እንዳልኩሽ እንዳይመስልሽ። ሰውየው ግን ርቦታል።”

ወጥታ ሄደች። ከግድግዳው ማዶ በሯ ሲዘጋ ተሰማ። ሽማግሌው አሁንም ድስቱን ያያል። ፋናዬ ጭልፋዋን አነሳችና ማማሰል ጀመረች።